የወጥ ቤት ሲንክ ሞልቶ ቤት እንዳያጥለቀልቅ፦ ከሳይፎኑ እስከ ማንሆሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ሲንክ ሞልቶ ቤት የሚያጥለቀልቀው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ቀን ውሃ ይጠፋል። አንዱ ቧንቧውን ከፍቶ «ጭራሽ የለም እኮ» ይልና ሳይዘጋው ይሄዳል። ሲንኩ ውስጥ የእራት ሳህን ተቆልሏል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ፈረቃው ይደርስና ውሃው ይመጣል። ጠዋት ምንጣፉ ረጥቧል፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ደግሞ በር እያንኳኳ ነው።

ጥፋቱ ሁልጊዜ ቧንቧውን ሳይዘጋ በሄደው ሰው ላይ ይለጠፋል። ግማሹ ልክ ነው። ነገር ግን መውጫው ጤነኛ የሆነ ሲንክ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈስበትም አይሞላም። ውሃው ይባክናል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ወለሉ ግን ደረቅ ነው። እንዲህ ያለ ጎርፍ የሚመጣው ሁለት ነገር ሲገጣጠም ነው፦ የሚገባው አልተዘጋም፣ የሚወጣው ተዘግቷል። ሰው መርሳቱን አይተውም። መውጫን ማጽዳት ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜያችንን እዚያ ላይ እናጠፋለን።

ፍጥነቱን ለመገመት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 40 በ35 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 18 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሲንክ 25 ሊትር ገደማ ይይዛል። ደህና ግፊት ያለው ቧንቧ በደቂቃ 8 ሊትር ያወርዳል እንበል። መውጫው ከተደፈነ ሲንኩ በ3 ደቂቃ ገደማ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ 480 ሊትር ወለሉ ላይ ነው። ከሁለት በርሜል በላይ።

ከሲንኩ ስር ምን አለ?

የሲንኩን ካቢኔት ክፈቱና የስልክ መብራት አብሩ። የሚገባውንና የሚወጣውን ለይታችሁ ካያችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የሚገባው ቀጭኑ ነው። ከግድግዳው ላይ ትንሽ መዝጊያ አለ፤ ባለሙያዎች አንግል ቫልቭ ይሉታል። ከእሱ ተነስቶ ወደ ላይ ወደ ቧንቧው የሚሄደው በብረት ክር የተጠለፈ ቱቦ ፍሌክሲብል ነው። የሞቀ ውሃ ካላችሁ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። መዝጊያው ይሠራ እንደሆነ ዛሬውኑ ዘግታችሁ ሞክሩት። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ይደርቅና በሚያስፈልግበት ቀን አልዞርም ይላል። ከተቻለ በየጥቂት ወሩ አንዴ ዝጉና ክፈቱት። አንግል ቫልቭ ከሌላችሁ ደግሞ ማስገጠም ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉ ወጪዎች ሁሉ የሚያዋጣው ነው። ለአንድ ፍሌክሲብል ሲባል የቤቱን ውሃ በሙሉ ከመዝጋት ያድናችኋል።

የሚወጣው ወፍራሙ ነው። ከሲንኩ ወንፊት ይጀምራል፣ በሳይፎን በኩል ያልፋል፣ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ወለል ይገባል። ሳይፎን ማለት ያ የተጣመመው ወይም እንደ ጠርሙስ ያበጠው ክፍል ነው። ውስጡ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል። ያ ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ሽታ ያግዳል። ለብዙ ሳምንት ተዘግቶ የከረመ ቤት ስትከፍቱ ወጥ ቤቱ የሚሸተው ያ ውሃ ተኖ ስላለቀ ነው። አንድ ጆግ ውሃ መድፋት ይበቃዋል።

ብዙ ቤት ውስጥ ከሳይፎን ይልቅ የሚታጠፍ፣ የተሸበሸበ የፕላስቲክ ቱቦ ታገኛላችሁ። ጫፉ የግድግዳው ቧንቧ ውስጥ ዝም ብሎ ይሰካል፣ ዙሪያው በፌስታል ይጠቀለላል፣ «ተገጠመ» ይባላል። እኔ ይህን አሠራር አልወደውም። ሽብሽቡ ቅባትና ምግብ ይይዛል። በፌስታል የተጠቀጠቀው ክፍተት ደግሞ ለበረሮ በር ነው። መስመሩ ሲደፈን ውሃው ሲንኩን ሳይሞላ በዚያ በኩል ካቢኔት ውስጥ ይወጣል፤ ወለሉ እስኪረጥብ ድረስም ማንም አያይም። የማትቀይሩት ከሆነ ቢያንስ ቱቦው ሳይፎን እንዲሠራ ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ ወደ ላይ እንዲታጠፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ፌስታሉን ጣሉና ለልኩ የተሠራ ጎማ ግዙለት።

አሁን ወደ አንድ የተሳሳተ እምነት እንምጣ። አንዳንድ ሲንክ ከላይ ጠርዙ አጠገብ ትርፍ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አለው። ብዙ ሰው «ቀዳዳው ስላለ አይሞላም» ብሎ ይተማመናል። ቀዳዳው ግን በጀርባ ዞሮ የሚገባው እዚያው መውጫ ውስጥ፣ ከሳይፎኑ በላይ ነው። ስለዚህ የሚረዳችሁ ወንፊቱን ሳህን ወይም ስፖንጅ ሲከድነው ብቻ ነው። ሳይፎኑ ወይም ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር ከተደፈነ ቀዳዳው ምንም አይሠራም። በሚረዳበት ጊዜም ቢሆን ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ቧንቧን ላይችል ይችላል። የእናንተን ለመፈተን ወንፊቱን ክደኑና ሲንኩን እስከ ቀዳዳው ሙሉ። ከዚያ ቧንቧውን በሙሉ ኃይሉ ክፈቱና አጠገቡ ቁሙ። ውሃው ከቀዳዳው በላይ መውጣቱን ከቀጠለ ልኩን አወቃችሁ። አንዳንድ ርካሽ የብረት ሲንኮች ደግሞ ጭራሹን ቀዳዳ የላቸውም።

ውሃው እየፈሰሰ ከደረሳችሁ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ መጥረጊያ አታንሱ።

1. ቧንቧውን ዝጉ። እምቢ ካለ አንግል ቫልቩን፣ እሱም ከሌለ ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ዋናውን መዝጊያ ዝጉ።

2. ወለሉ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ አስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ዲቫይደር፣ የፍሪጅ ሶኬት። ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ሶኬት አትንቀሉ። ደረቅ ቦታ ላይ ቆማችሁ ከብሬከሩ አጥፉ።

3. እጃችሁን ሲንኩ ውስጥ ከትታችሁ ወንፊቱን የከደነውን አንሱ። ከቢላ ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያበቃል፤ የተለጠፈ ሳህን፣ ስፖንጅ ወይም የሽንኩርት ልጣጭ ነው።

4. ካልወረደ ውሃውን በጆግ እየቀዳችሁ ባልዲ ውስጥ አድርጉ። ሲንኩ ግማሽ ድረስ ይጉደል።

5. ፎቅ ላይ ከሆናችሁ የታችኛውን ጎረቤት አሁኑኑ ንገሩ። ቴሌቪዥናቸውን ለማንሳት አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ውሃው ኮርኒሳቸው ላይ ከታየ በኋላ መናገር ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥረጉ።

የተደፈነው የት ጋ ነው?

ሳትፈቱ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ። የወጥ ቤቱ ሲንክ ብቻ ከሆነ የቆመው፣ ጥፋቱ ከወንፊቱ እስከ ግድግዳው ባለው ርቀት ውስጥ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ የእናንተ ሥራ ነው፣ ቀላልም ነው። የመታጠቢያ ቤቱም ውሃ ካልሄደ ወይም ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ሲንኩ ውስጥ ጉርጉር የሚል ድምፅ ከተሰማ ችግሩ ከሲንኩ ወዲያ ያለ የጋራ መስመር ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቧንቧችሁ ተዘግቶ ሳለ ሲንኩ ከስር ወደ ላይ የሚሞላ ከሆነ፣ በተለይ ሳሙናማ ወይም የማታውቁት ምግብ ይዞ ከመጣ፣ ያ የላይኞቹ ፎቆች ውሃ ነው። ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

ሳይፎኑን መክፈት

የሚያስፈልገው ባልዲ፣ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጓንትና ስፕሪንግ ሽቦ (ቧንቧ ውስጥ እየዞረ የሚገባው ተጣጣፊ ሽቦ) ነው። ፒንሳ አጠገባችሁ ይሁን፤ ባትጠቀሙበት ይመረጣል።

ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ፎቶ አንሱ። የጎማዎቹ አቀማመጥ ሲገጠም ይረሳል። ባልዲውን ከሳይፎኑ ስር አድርጉ። የፕላስቲክ ቀለበቶቹን በእጅ ፍቱ። ጠርሙስ መሰሉ ከሆነ ከታች ያለውን ክዳን ብቻ መፍታት ይበቃል። ውሃው በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ቀስ በሉ። ባልዲው የሞላውን ደግሞ እዚያው ሲንክ ውስጥ መልሳችሁ እንዳትደፉት። ሳይፎኑ አሁን የለም! ይህ በጣም የተለመደ ነው።

ውስጡን አውጡና በብሩሽ ጥረጉት። ግራጫ፣ ሳሙና የሚመስል ጭቃ ታገኛላችሁ። ያ ቅቤና ዘይት ከሳሙናና ከዱቄት ጋር ተጋግሮ ነው። ሳይፎኑ ንጹሕ ሆኖ ካገኛችሁት ድፍኑ ወደ ግድግዳው የሚገባው ቧንቧ ውስጥ ነው። ስፕሪንግ ሽቦውን እያዞራችሁ አስገቡ። ሲይዝላችሁ አትግፉ፣ አዙሩ። ከያዘ በኋላ ወደ ኋላ ሳቡት። ፌሮ ወይም ጠንካራ ብረት አታስገቡ። ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩን ይበሳል፤ ግድግዳ ውስጥ የተበሳ ቧንቧ ደግሞ የሚታወቀው ቀለሙ ሲነሳ ነው።

ስትመልሱ የጎማውን አቅጣጫ ጠብቁ። አንድ ጎኑ ሾጠጥ ያለ ጎማ ከሆነ ሾጣጣው ወደሚገባበት ክፍል ይዙር፣ ጠፍጣፋው ወደ ቀለበቱ። የተሰነጠቀና የደረቀ ጎማ አትመልሱ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። የፕላስቲክ ቀለበት በእጅ ጥንካሬ ይጠብቃል። በፒንሳ ያጠበቃችሁት ቀለበት ዛሬ አያፈስም፤ ነገ ግን ይሰነጠቃል። ጎማ ያለበት መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን (ነጩን የቧንቧ ቴፕ) መጠቅለልም ትርፍ ሥራ ነው። ቴፍሎን ለብረት ጥርስ ነው፣ ቀለበቱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠቀለላል።

አሁን ፈትኑ። ወንፊቱን ክደኑ፣ ሲንኩን እስከ ግማሽ ሙሉ፣ በአንድ ጊዜ ልቀቁት። ቧንቧ ከፍቶ ትንሽ ውሃ ማፍሰስ ፈተና አይደለም፤ መገጣጠሚያውን የሚፈትነው ክብደት ያለው ውሃ ነው። ስሩን በደረቅ ሶፍት ዳብሱት። ሶፍቱ ላይ ነጠብጣብ ካላያችሁ ጨርሳችኋል።

ሳይፎኑን መፍታት የማትችሉ ከሆነ ዱላ ያለውን የጎማ መሳቢያ ሞክሩ። ጎማው እስኪሸፈን ሲንኩ ውስጥ ውሃ ይኑር። የትርፍ ውሃ ቀዳዳውን በረጠበ ጨርቅ ወትፉ። ባለ ሁለት ጎድጓዳ ሲንክ ከሆነ ሌላኛውን መውጫ አንድ ሰው ይያዝ። ይህን ካላደረጋችሁ የምትገፉት አየር በዚያ በኩል ይወጣና ድፍኑን አይነካውም። ሰዎች «ጎማው አይሠራም» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው።

ስለ ኬሚካል

ኮስቲክ ሶዳ ቅባትን ያሟሟል፤ እውነት ነው። ግን ሙሉ በሙሉ በቆመ ውሃ ላይ ሲጨመር ድፍኑ ጋ ሳይደርስ ሲንኩ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ሳይፎኑን የሚፈታው ሰው ፊትና እጅ ላይ ይወርዳል። ኬሚካል ከጨመራችሁ ለባለሙያው መንገር ግዴታችሁ ነው፤ የጎማ መሳቢያም አትጠቀሙ። ሁለት ዓይነት ኬሚካል አትደባልቁ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ትንፋሽ ያሳጣል።

ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳው? አረፋው ያምራል። ለሽታ ትንሽ ይረዳል፣ የተጋገረ ቅቤን ግን አያነቃንቅም። የሚፈላ ውሃ መድፋትም ለፕላስቲክ ቧንቧ ጥሩ አይደለም፤ መገጣጠሚያውን ያላላዋል። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር፣ ሲንኩ ገና ቀስ ማለት ሲጀምር፣ ከሁሉም ይሻላል።

የእኛን ሲንክ የሚደፍነው

ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ እጅግ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከድስቱ በሙቅ ውሃ ታጥቦ የሄደው ቅቤ ሳይፎኑ ጋ ሲደርስ ይረጋል። ድስቱን ከማጠባችሁ በፊት በቁራጭ እንጀራ ወይም በሶፍት ጥረጉት። ይህ አንድ ልማድ ብቻ ከሁሉም ኬሚካል ይበልጣል።

ሊጥ ሁለተኛው ነው። የቡኮውን ባልዲ ስታጥቡ ከታች የሚቀረው ሊጥ ቅቤው ላይ ይለጠፍና ይደርቃል። የመጀመሪያውን እጣቢ ግቢ ያላችሁ መሬት ላይ፣ ፎቅ ያላችሁ ሽንት ቤት ውስጥ ድፉት፤ የሽንት ቤቱ ቧንቧ ሰፊ ነው። የቡና አተላም እንዲሁ። ብቻውን ሲሆን ይሄዳል፤ ቅባት ካገኘ ግን እንደ አሸዋና ሲሚንቶ ይያያዛል። አተላውን ቆሻሻ ውስጥ ወይም አበባው ስር።

የዓመቱ አስቸጋሪ ቀን የበዓል ዋዜማ ነው። ዶሮው በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ስቡ፣ ቆዳውና የቀረው ላባ ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ሲንኩ ይወርዳል። የሽንኩርቱ ልጣጭም አለ። በዚያ ቀን ደግሞ ባለሙያ ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ሳይፎኑን ፍቱና እጠቡ። ዶሮውን በሳፋ ውስጥ እጠቡ፣ እጣቢውን በወንፊት አጥልላችሁ ድፉ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ቱቦውን ሲንክ ጠርዝ ላይ አንጠልጥላችሁ አትሂዱ። ማሽኑ ውሃውን በፓምፕ ነው የሚገፋው። ለእጅ ማጠቢያ የሚበቃ፣ ግማሽ የተደፈነ መውጫ ለማሽኑ አይበቃም።

ውሃ የጠፋ ቀን

ማንሻው ወደ ላይ የሚነሳው ዓይነት ቧንቧ በተለይ አታላይ ነው። ውሃ በሌለበት ከፍ ዝቅ ሲደረግ ክፍት ይሁን ዝግ ማንም አያስታውስም። የቤቱ ደንብ አንድ ይሁን፦ ውሃ ከሌለ ማንሻው ወደ ታች፣ ሲንኩ ባዶ። ቤት ጥላችሁ ስትወጡ፣ ሌሊት ውሃ የማትይዙ ከሆነ ደግሞ ስትተኙም፣ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። ልጆችም ሆኑ የቤት ሠራተኛዋ መዝጊያው የት እንዳለ ይወቁ፤ በእጃቸው ዘግተውም ይሞክሩት።

«የሌሊቱን ውሃ ካልያዝን ቀን ምን እንጠጣለን?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ሲንኩ አይደለም። አቅሙ ካለ ሮቶ፣ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ያለው። ከሌለ በርሜሉን የወለል መውጫ ባለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አድርጉና በጎማ ቱቦ ሙሉ፤ ቢተርፍ ወደ መውጫው ይሄዳል። የወለሉን መውጫ ግን ቀድማችሁ አጽዱት። ውሃው ሲመጣ ድምፁን መስማት ከፈለጋችሁ ቧንቧውን በጥቂቱ ብቻ ክፈቱና ከስሩ የብረት ትሪ ወንፊቱን በማይከድን አኳኋን አጋድሙ። ትሪው ያስነሳችኋል።

ውሃው ሲመለስ አየርና ዝገት ይዞ በኃይል ነው የሚመጣው። ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ትንሽ ወንፊት ፈታችሁ አሸዋውን አራግፉ። ይህ የሚንገጫገጭ ግፊት ፍሌክሲብሎቹንም ይጎዳል። የተጠለፈው ብረት ላይ ዝገት፣ እብጠት ወይም የተበጠሰ ክር ካያችሁ እስኪያፈስ አትጠብቁ፣ ቀይሩት። ፍሌክሲብል ሲፈነዳ የሲንኩ መውጫ ንጹሕ መሆኑ አይጠቅምም፤ ውሃው በቀጥታ ወለሉ ላይ ነው።

ከላይ የሚመጣ ውሃ

ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ የምትኖሩ ከሆነ የራሳችሁን ቧንቧ መዝጋት አያድናችሁም። የጋራው ቁም ቧንቧ (የሁሉም ፎቅ እጣቢ የሚወርድበት) ከታች ሲደፈን የላይኞቹ እጣቢ ዝቅተኛውን ክፍት ቦታ ይፈልጋል። እሱ የእናንተ ሲንክ ነው። ወዲያውኑ ወደ ላይ ወጥታችሁ ሁሉም ውሃ መልቀቅ እንዲያቆሙ ጠይቁ። ከዚያ ውጭ ያለውን ማንሆል ክዳን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ፊታችሁን አታስጠጉ፣ ወደ ውስጥም ማንም እንዳይገባ። ማንሆሉ ሞልቶ ከቆመ ድፍኑ ከእሱ ወዲያ ነው። በግቢው ውስጥ ከሆነ የነዋሪዎቹ ማኅበር ጉዳይ ነው፣ የመንገዱ መስመር ከሆነ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን። ማንሆሉ ባዶ ከሆነ ግን ድፍኑ ሕንፃው ውስጥ ወይም ከሕንፃው እስከ ማንሆሉ ባለው መስመር ላይ ነው። የሚከፈለውም ሆነ የሚጸዳው በጋራ ነው፤ «እናንተ ቤት ነው የሞላው» የሚለውን አትቀበሉ።

በተደጋጋሚ የሚደርስባችሁ ከሆነ ከሲንኩ በሚወጣው ቧንቧ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ማስገጠም ይቻላል። ባለሙያው ግድግዳ ውስጥ እንዳይቀብረው። ቅባት ሲይዘው መዝጋት ያቆማል፣ ስለዚህ ተከፍቶ የሚጸዳበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። የላይኛው ውሃ ቫልቩን ተጭኖ በዘጋበት ሰዓት የእናንተም እጣቢ አይወጣም፤ ያን ጊዜ ሳህኑን በሳፋ እጠቡ።